ይጠገን፣ ይሻሻል ወይስ ይለወጥ?

በጅቡቲ ከተማ መሐል የሚገኘው ሰፊ አደባባይ ሁለት ስሞች አሉት። አገሪቱ በ1977 ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ የነፃነቱን ዕለት ለማሰብ «የጁን 27 አደባባይ» ተብሎ ተሰይሟል። በሕዝቡ አንደበት ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው በጥንቱ ስሙ፣ ሜኔሊክ አደባባይ ተብሎ ነው። ስሙ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1894 የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ከፈቀዱ በኋላ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሐዲድ ላይ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ የፋብሪካ ውጤት ደግሞ ከባሕር ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ከወደቡ ወደ መሐል አገር ከተጓዙት ዕቃዎች መካከል ራዲዮ፣ ቴፕ ሪኮርደር፣ ቴሌቪዥን፣ ከጊዜ በኋላም የእጅ ስልክ ይገኙባቸዋል። ድሬዳዋ ውስጥ «ታይዋን» የሚል ስም የወጣለት ገበያ የታወቀው ከዚሁ አቅጣጫ በሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲበላሽ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለማሰብ ከሜኔሊክ አደባባይ መነሣት ያለ ቦታው አይሆንም። በአደባባዩ ዙሪያ በቅስት ከተሠሩት ሕንፃዎች ሥር አዲስ ዕቃ ይሸጣል፤ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደ ገበያዎቹ በሚወስዱት መንገዶች ደግሞ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ አጉሊ መነጽሩን አድርጎ የሚጠግን ሰው አይጠፋም። ገዢው በሁለቱ መካከል ቆሞ ይወስናል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ወጣት እንውሰድ። ከወሎ ተነሥታ ወደ ጅቡቲ የተሻገረች፣ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኛነት የምትተዳደር ናት እንበል። እንደ እርሷ ያሉ ኢትዮጵያውያን በከተማዋ ብዙ ናቸው። የእጅ ስልኳ ከሦስት ዓመት በፊት የተገዛ ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት ከእጇ አምልጦ በመውደቁ የመስተዋቱ ግማሽ ጠቁሯል። ባትሪውም ጧት የሞላ እንደሆነ እስከ እኩለ ቀን አይቆይም። በእጇ ያለው ያጠራቀመችው ገንዘብ 18,000 የጅቡቲ ፍራንክ ነው። ይህ ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት ወደ አገር ቤት ሊላክ የታሰበ ነበር። ሻጩ አዲስ ስልክ በ28,000 ፍራንክ ሊሰጣት ይስማማል፤ የጎደለውንም ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ ይላታል። ጠጋኙ በበኩሉ ለመስተዋቱ 7,000፣ ለባትሪው 3,000፣ በድምሩ 10,000 ፍራንክ ይጠይቃል። ስልኩ ለእርሷ ጌጥ አይደለም። የእናቷን ድምፅ የምትሰማው፣ የላከችው ገንዘብ መድረሱን የምታረጋግጠው፣ አሠሪዋ ያሰናበተቻት እንደሆነ ሌላ ሥራ የምታፈላልገው በእርሱ ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ?

ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠቅሰው አንድ የታወቀ መመዘኛ አለ፤ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ የበለጠ እንደሆነ ዕቃው ይጣል የሚል ነው። መመዘኛው ለማስታወስ ይቀላል፤ ነገር ግን የመነጨው የባለሙያ የሰዓት ዋጋ ውድ፣ አዲስ ዕቃ ደግሞ ከገቢ አንፃር ርካሽ ከሆነባቸው አገሮች ነው። በእኛ አካባቢ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሰው ጉልበት ይረክሳል፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ይወደዳል። በመሆኑም ከግማሽ ዋጋ በላይ የተጠየቀበት ጥገና እንኳ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ ወጪውን ከሚገኘው የአገልግሎት ዘመን ጋር ማነፃፀር ነው።

ይህንንም በወጣቷ ምሳሌ ላይ እንሞክር። አዲሱ ስልክ አራት ዓመት፣ ማለትም 48 ወር ያገለግላል ብንል፣ 28,000 ለ48 ሲካፈል በወር 583 ፍራንክ ገደማ ይሆናል። የተጠገነው ስልክ አንድ ዓመት ተኩል፣ ማለትም 18 ወር ያገለግላል ብንል ደግሞ፣ 10,000 ለ18 ሲካፈል በወር 556 ፍራንክ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን የተጠገነው ስልክ ሁለት ዓመት የዘለቀ እንደሆነ የወሩ ወጪ ወደ 417 ፍራንክ ይወርዳል፤ አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ወደ 833 ይወጣል። ከዚህ የምንረዳው ክርክሩ በዋጋው ላይ ሳይሆን በዘመኑ ላይ መሆኑን ነው። ሻጩም ሆነ ጠጋኙ ዋጋውን በአንድ አፍታ ይናገራሉ፤ ዘመኑን ግን ባለቤቱ ራሱ መርምሮ ሊገምት ይገባዋል። ለመገመት ደግሞ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚያረጅ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያረጀው ባትሪው ነው። በዛሬዎቹ ስልኮችና ተሸካሚ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኘው ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ለገበያ የቀረበው በ1991 በጃፓኑ የሶኒ ኩባንያ ነበር። ይህ ባትሪ ኤሌክትሪክን የሚያጠራቅመው የሊቲየም ቅንጣቶችን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በማመላለስ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂቶቹ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። ተራ የስልክ ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ከተራገፈ በኋላ የመያዝ ዐቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል ተብሎ ይገመታል፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት የተሻሉ ባትሪዎች ከዚህ እጥፍ ሊደርሱ ይችላሉ። እንግዲህ በየቀኑ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢደክም የሚያስገርም አይደለም፤ ስልኩም ሞተ ማለት አይደለም።

በጅቡቲ ይህ እርጅና ይፈጥናል። የባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነውና። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ የከተማዋ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ከምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አቧራ እያንቀሳቀሰ ይነፍሳል። አምራቾች ስልካቸው ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ። በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ፣ ወይም ትራስ ሥር ተሸጉጦ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ በደሴ ወይም በደብረ ብርሃን ካለው ወንድሙ ቀድሞ ይደክማል። ባትሪውን ዘወትር እስከ መጨረሻው አሟጦ ከመጠቀም ይልቅ በ20 እና በ80 በመቶ መካከል ማቆየት ዕድሜውን ያራዝምለታል። ስልኩ ጀርባው አብጦ የታየ እንደሆነ ግን ምክር አያሻውም፤ ወዲያው መጥፋት፣ ከቻርጀር መነቀል፣ ወደ ባለሙያም መወሰድ አለበት። ያበጠ ባትሪ ከተወጋ ወይም ከተጫነ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ከባትሪ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው የቻርጀሩ ቀዳዳ ነው። «ቻርጅ አልይዝ አለኝ» ተብሎ ወደ ጠጋኝ ከሚሄዱት ስልኮች ጥቂት የማይባሉት ያለባቸው ችግር ከኪስ የገባ ብናኝ ብቻ ነው። ስልኩን አጥፍቶ በደረቅ የእንጨት ስንጥር በቀስታ ማጽዳት፣ ከዚያም በሌላ ገመድና በሌላ ቻርጀር መሞከር ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ ማውጣት የበሽተኛውን ምላስ ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በልጅነቱ የአባቱን ራዲዮ ይዞ ወደ አንድ ጠጋኝ ተልኮ፣ «ልቡ ተቃጥሏል» የሚል መርዶ ይዞ ተመልሶ ነበር። ኋላ አንድ ጎረቤት የጀርባውን ክዳን ቢከፍተው ድንጋዩ ፈስሶ ሽቦውን አዝጎት ተገኘ። በቢላዋ ተፋቀ፤ ራዲዮውም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ዜና ተናግሯል።

መስተዋቱ የተሰበረ እንደሆነ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። የላይኛው መስተዋት ብቻ ተሰንጥቆ ከሥሩ ያለው ሥዕል ጥርት ብሎ የሚታይና ጣት ሲነካው የሚታዘዝ ከሆነ፣ ስልኩ ያለ ጥገና ሊቆይ ይችላል፤ የስንጥቁ ጠርዝ ጣትን እንዳይቆርጥና እርጥበት እንዳያስገባ መሸፈን ይበቃል። ሥዕሉ ራሱ ከጠቆረ ግን ሙሉው አካል መለወጥ አለበት፤ ይህም ከስልክ መለዋወጫዎች ሁሉ ውዱ ነው። የመለዋወጫው ዋጋ የሚወሰነው ስልኩ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው የያዘው የስልክ ዐይነት መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል፤ ያልተለመደ ዐይነት ከሆነ ግን ከሩቅ ይታዘዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ የሚገጣጠመው ቴክኖ የተባለው ስልክ በመርካቶ በቀላሉ ሲጠገን፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው እንግዳ ስልክ ግን ጠጋኝ የሚያጣው ስለዚህ ነው። ስልክ ሲገዛ መለዋወጫው በአካባቢው መኖሩን መጠየቅ ዋጋውን ከመጠየቅ ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

ውኃ የገባበት ስልክ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ውኃው ራሱ ሳይሆን፣ በውኃው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክና ከዚያ በኋላ የሚከተለው ዝገት ነው። ስለሆነም ወዲያው ማጥፋት እንጂ «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ደጋግሞ መክፈት፣ ይልቁንም ቻርጅ ማድረግ፣ የሚድነውን ዕቃ ይገድላል። ሩዝ ውስጥ መቅበር በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ከሚያደርገው ጥቅም ይልቅ የሚያባክነው ጊዜ ይበልጣል። የባሕር ውኃ በተለይ ጨው ስላለበት በሰዓታት ውስጥ ብረቱን መብላት ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ስልክ ቢጠገን እንኳ ብዙ ይቆያል ተብሎ ገንዘብ ሊፈስስበት አይገባም።

አካሉ ሳይጎዳ ከአገልግሎት የሚወጣ ስልክም አለ። ይህ በጥንቱ ራዲዮ ዘንድ የማይታወቅ ዐይነት ሞት ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሲያረጅ መልእክት ማስተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ይለዩታል። ለምሳሌ ዋትስአፕ የተባለው አገልግሎት ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል። ከቤተሰብ ጋር ለመነጋገር ብቻ ስልክ የያዘ ሰው ይህ አገልግሎት የተቋረጠበት እንደሆነ፣ አዲስ ባትሪም ሆነ አዲስ መስተዋት አያድነውም። በመሆኑም ከማንኛውም ጥገና በፊት በስልኩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ገብቶ የአንድሮይዱን ቁጥር ማየት ይገባል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሆኖ አምራቹም ማደሱን ካቆመ፣ የተጠገነው ስልክ ዘመን አጭር እንደሚሆን ይታወቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሰኔ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ የስልክ አምራቾች የመጨረሻዋ ስልክ ከተሸጠች በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ፕሮግራሙን ማደስን፣ መለዋወጫዎችንም ለሰባት ዓመት ማቅረብን ያስገድዳል። ተመሳሳይ ስልኮች ወደ እኛም ገበያ ስለሚመጡ፣ የዚህ ደንብ ፍሬ ወደፊት በአፍሪካ ቀንድም መታየቱ የሚጠበቅ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መጠገንና ስለ መለወጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው መንገድ፣ ማሻሻል፣ በስልክ ረገድ ጠባብ ነው፤ የማስታወሻ ካርድ ከመጨመር ብዙም አያልፍም። በኮምፒዩተር ግን ሰፊ ነው፤ በእኔ አስተያየትም በጣም የተዘነጋው እርሱ ነው። «ኮምፒዩተሬ ዘገየ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው የማሰቢያ ክፍሉን ሳይሆን የማከማቻ ክፍሉን መሆኑን አያውቅም። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ መረጃ የሚከማችበት ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ መርፌ መሰል እጅም መረጃውን ፍለጋ በላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው አዲሱ ማከማቻ ግን የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ መረጃውን በኤሌክትሪክ ኀይል ብቻ ፈልጎ ያወጣል። ይህን አንድ ዕቃ ብቻ በመለወጥ፣ ከተቻለም የራሙን መጠን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት በማሳደግ፣ ዐሥር ዓመት የሆነው ኮምፒዩተር ለጽሕፈትና ለትምህርት ብቁ ሊሆን ይችላል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ለመጻፍ አዲስ ኮምፒዩተር መግዣ ገንዘብ ከመበደሩ በፊት ይህን ቢሞክር ከአዲሱ ዋጋ በጥቂቱ ሥራውን ይጨርሳል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአንዳንድ ቀጫጭን ኮምፒዩተሮች ላይ ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርበትም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 10 የተባለው ፕሮግራም ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ግን ይቀበላቸዋል፤ መልመጃ ጊዜ ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማሻሻል ስንል ሁልጊዜ ዕቃው ውስጥ መግባት ማለት አይደለም። በ2019 ኢትዮሳት የተባለው የሳተላይት ሥርጭት በተጀመረ ጊዜ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በብዛት ወደዚያ ሲዛወሩ፣ በየጣራው ላይ የነበሩት ሳህኖች ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሩ። ቴሌቪዥኑ የጠፋ የመሰለው ብዙ ቤተሰብ ያስፈለገው ሳህን የሚያዞር ሰው እንጂ አዲስ ቴሌቪዥን አልነበረም።

ስለ ቴሌቪዥን ካነሣን ዘንድ፣ ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ የጨለመ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ የተቃጠለበት ከመስተዋቱ ጀርባ ብርሃን የሚሰጠው የመብራት ረድፍ ነው፤ ይህም የሚለወጥ ነው። መስተዋቱ ራሱ የተሰበረበት ቴሌቪዥን ግን አይጠገንም ማለት ይቀላል፤ የመስተዋቱ ዋጋ ከሙሉው ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አያንስምና። ጨርሶ አልነሣ ያለው ደግሞ ዘወትር የሚጠረጠረው በኀይል መቀበያው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ በርሜል መሰል ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል። የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የባለሙያዎች አነጋገር ቴሌቪዥንን ከግድግዳና ከመጋረጃ ጥቂት አርቆ ማስቀመጥ ለምን እንደሚበጅ ያስረዳል። ዋጋቸው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ እነርሱን መለወጥ ከጥገናዎች ሁሉ አትራፊው ነው። ከሰሜን አሜሪካ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ደግሞ የተጻፈበትን የቮልት መጠን ያንብብ። የጅቡቲም የኢትዮጵያም መብራት 220 ቮልት ነው። «ከ100 እስከ 240» የሚል የተጻፈበት ዕቃ ያለ ችግር ይሠራል፤ «120» ብቻ የተጻፈበት ግን በተሰካ ቅጽበት ይቃጠላል።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ ያው አንድ ስልክ በሁለት አገሮች ሁለት ልዩ ልዩ ፍርድ የሚሰጠው በገንዘቡ ምክንያት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1973 ወዲህም አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ይመነዘራል። ስለዚህ ወጣቷ የተጠየቀችው 28,000 ፍራንክ ትናንትም ዛሬም 157 ዶላር ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ግን መንግሥት በሐምሌ 2024 መገባደጃ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ 157 ዶላር የሚያወጣ ስልክ፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይቆጠር፣ ከ9,000 ብር ወደ 15,000 ብርና ከዚያም በላይ ዘለለ ማለት ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አልዘለለም። መለዋወጫውም ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው አብሮ ይጨምራል፤ የጠጋኙ የእጅ ዋጋ ግን በብር የሚከፈል በመሆኑ ያን ያህል አይንርም። በዚህ ሳቢያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሚዛኑ ወደ ጥገና ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። በጅቡቲ ግን እንደ ዕቃው ዐይነት ይለያያል።

ከአዲስና ከተጠገነ ሌላ ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ይቻላል። ያገለገለ ጥሩ ስልክ ከአዲስ ደካማ ስልክ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። አደጋው በሁለት በኩል ይመጣል፤ ዕቃው የተሰረቀ ወይም አስመስሎ የተሠራ፣ በገበያው ቋንቋ «ፎርጂድ» የሆነ እንደሆነ ነው። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲጫን በስልኩ ላይ የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት። የሻጩን ማንነት የሚገልጽ ደረሰኝ ወይም የሽያጭ ወረቀት መቀበልም ያስፈልጋል። እንዲያ ያለ ወረቀት ለመስጠት የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ጠጋኝን በተመለከተ ደግሞ ማፈር አያስፈልግም። ዕቃው ከመከፈቱ በፊት የመመርመሪያው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ የሚገባው መለዋወጫ ኦሪጅናል ነው ወይስ ሌላ፣ ከተጠገነ በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ቢበላሽ ያለ ክፍያ እንደሚያየው አስቀድሞ መነጋገር ነውር የለበትም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ መልሶ መረከብም የባለቤቱ መብት ነው፤ ተለወጠ የተባለው ነገር በእርግጥ መለወጡን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። ሲም ካርዱንና የማስታወሻ ካርዱን አውጥቶ መያዝ፣ ፎቶግራፎችንና ስልክ ቁጥሮችን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው። ስልክ ሠርቶ ሊመለስ ይችላል፤ የጠፋ የእናት ፎቶግራፍ ግን አይመለስም። ቁጥሮቹን በደብተር ላይ መገልበጥ ያረጀ ዘዴ ቢመስልም ባትሪ አይፈልግም።

ዕቃው በእርግጥ ያበቃለት እንደሆነስ የት ይሄዳል? በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ተሳትፎ የተዘጋጀ ጥናት እንደሚያሳየው በ2022 ዓለም የጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በስልክና በቴሌቪዥን ውስጥ መዳብና ወርቅ እንዳለ ሁሉ እርሳስና ሌሎች መርዛማ ነገሮችም አሉ። መዳቡን ለማውጣት ሽቦ በሜዳ ላይ ሲቃጠል ጭሱን የሚስበው አቃጣዩና ጎረቤቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ሰዎች የሚገዙት አሮጌ ዕቃ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ተፈታትቶ፣ አንዱ ለብረት፣ ሌላው ለመለዋወጫ ይውላል። ይህ ሥራ ከማቃጠል እጅግ የተሻለ ነው። የሞተ ስልክ ከመጣሉ በፊት ለዚያው ለጠጋኝ ቢሸጥ ወይም ቢሰጥ መስተዋቱ ለአንዱ፣ ድምፅ ማጉያው ለሌላው ይተርፋል። መጀመሪያ ግን በውስጡ ያለው መረጃ ሁሉ መደምሰስ አለበት።

የወጣቷን ነገር ሳንጨርስ ትተነው ነበር። ስሌቱ በወር 556 እና 583 ፍራንክ ስለሰጠን በእርሱ ብቻ አይወሰንም። ስልኳ አንድሮይድ 11 የያዘ፣ ውኃ ያልገባበት፣ መለዋወጫውም በገበያ የሚገኝ ነው እንበል። እንግዲያስ ሁለት ዓመት ይዘልቃል ብሎ መገመት ከልክ ያለፈ ተስፋ አይሆንም። አዲሱን ከገዛች 18,000ው ሁሉ አልቆ የ10,000 ፍራንክ ዕዳ ይቀርባታል፤ ወንድሟም በዚህ ወር አይላክለትም። ካስጠገነች 8,000 ፍራንክ ይቀራታል። ለወንድሟ ይህን ትልካለች፤ የጎደለውን በሚመጣው ወር ታሟላለች። በወር ከ600 ፍራንክ ያላነሰ በሴቶች እቁብ ብታስቀምጥ ደግሞ፣ ሁለቱ ዓመት ሲሞላ የዚያን ጊዜውን ስልክ ከግማሽ በላይ ዋጋ ይዛ ትጠብቀዋለች።

ሰዓቱ ግን ገና ስምንት ነው። በጅቡቲ የቀትሩ ሙቀት ስለማይቻል ሱቆች ከእኩለ ቀን ጀምሮ ይዘጋሉ፤ የሚከፈቱትም ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። እስከዚያው በሜኔሊክ አደባባይ ቅስቶች ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ በሚታየው የስልኳ ግማሽ ገጽ እየተጠቀመች፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በደብተሯ ላይ ትገለብጣለች።